የመጀመሪያዋ ስንዝር

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ?

ሪች ስታከር፣ ማለትም ኮንቴይነር አንስቶ የሚደረድረው ተሽከርካሪ ላይ ልትወጪ ነውና በስልክ የማይዘለቀውን ጻፍኩልሽ። መንዳቱን ቶሎ ትለምጂዋለሽ፤ ሰው የሚሳሳተው ማንሳቱ ላይ ነው።

ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ዙሪያውን ዞረሽ እዪው፦ ጎማ፣ የሞተርና የሃይድሮሊክ ዘይት፣ የቡሙ፣ ማለትም የሚዘረጋው ክንድ ሲሊንደሮች። ቱቦ የሚያፈስ ከመሰለሽ በእጅሽ አትዳስሺ። በግፊት የሚወጣ ዘይት በዓይን ከማይታይ ቀዳዳም ቢሆን ቆዳ በስቶ ይገባል። መካኒክ ጥሪ።

ስፕሬደሩ፣ ማለትም ቡሙ ጫፍ ላይ ያለው ኮንቴይነር መያዣ፣ ኮንቴይነሩ ላይ ሲያርፍ አራቱ ትዊስት ሎኮች (ዞረው የሚቆልፉት መቆለፊያዎች) ማዕዘኖቹ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው 90 ዲግሪ ይዞራሉ። በብዙ ማሽኖች ብርቱካንማው መብራት አርፏል፣ አረንጓዴው ተቆልፏል፣ ቀዩ ክፍት ነው ማለት ነው። ብርቱካንማው አልበራም ካለ አንዱ ማዕዘን አልገባም፤ ወይ ስፕሬደሩ ተንጋዷል፣ ወይ የጣሪያው ጠርዝ ጎብጧል፣ ወይ ቀዳዳው ውስጥ ጭቃ ደርቋል። ከፍ አድርገሽ አስተካክዪና እንደገና አውርጂ። ሴንሰሩን በባይፓስ ቁልፍ አልፎ የሚያነሳ "ጎበዝ" የትም አይጠፋም፤ እሱን አትከተዪ።

ከተቆለፈ በኋላ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ማለትም 30 ሳንቲሜትር ገደማ አንሺና ቁሚ። ኮንቴይነሩን ከመኪና ላይ የምታነሺ ከሆነ የተሳቢውን ጎማዎች እዪ። ሾፌሩ የተሳቢውን ትዊስት ሎክ መፍታት ረስቶ ከሆነ ተሳቢው አብሮ ይነሳል፤ አንዱን ብቻ ከረሳ ደግሞ በዚያው ጥግ በኩል ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ ከያዝሽው ቀስ ብለሽ ትመልሺዋለሽ፤ አንድ ሜትር ከሄደ ግን መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። ኮንቴይነሩ ወደ አንድ ጫፍ ካዘነበለም ጭነቱ መሃል ላይ አልተጫነም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላክ ሙሉ ኮንቴይነር የተረጋገጠ ክብደት ሳይቀርብለት መርከብ ላይ አይጫንም፤ አንቺ ግን ወረቀቱን ከጋቢናሽ ሚዛን ጋር አስተያዪው።

አሁን ዋናው። 45 ቶን የሚያነሳ ማሽን 45 ቶን የሚያነሳው ከፊቱ ባለው የመጀመሪያ የኮንቴይነር ረድፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ 30 ቶን አካባቢ፣ ሦስተኛው ላይ 15 አካባቢ ይወርዳል፤ ትክክለኛውን ከማሽንሽ የጭነት ሰንጠረዥ አንብቢ። ባዶ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 4 ቶን እንኳ አይሞላም፣ ሙሉው ግን ከ30 ቶን ሊያልፍ ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ግን አንድ ናቸው። ሙሉውን ሁለተኛ ረድፍ ላይ ስትዘረጊ የኋላው ይቀላል፤ መሪው የሚያዞረው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ መሪሽ ይለሰልሳል። ያኔ ደንግጠሽ ቡሙን ዝቅ እንዳታደርጊ። ቡም ሲወርድ ጭነቱ ከአንቺ ይርቃል፣ ማሽኑም ይበልጥ ወደ ፊት ይደፋል። መጀመሪያ ቡሙን ወደ ውስጥ ሰብስቢ፣ ከዚያ ነው ማውረድ። ማስጠንቀቂያው ጮኾ ማሽኑ መዘርጋትና ማውረድ ሲከለክልሽ ተበላሽቶ አይደለም፤ ይኸው ነው ምክንያቱ።

ጭነት ይዘሽ ስትሄጂ ቡሙ ተሰብስቦ፣ ኮንቴይነሩ መንገድ እስካልጋረደብሽ ድረስ ዝቅ ብሎ ይሁን። ስትታጠፊ የማሽኑ ጅራት ወደ ተቃራኒው ይወረወራልና እዚያ የቆመ ሰው አለመኖሩን አረጋግጪ።

ፈረቃ ስታስረክቢ "ትንሽ ችግር አለው" ብለሽ አትጻፊ። የትኛው ትዊስት ሎክ እንደሚዘገይ፣ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ ለይተሽ ጻፊ።

አባትሽ