ለአባባ፣ ስለ መስጊዱ ጉልላት

አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እማዬን ሰላም ይበሉልኝ።

በስልክ የጠየቁኝን በስልክ ብመልስ ቁጥሩ ይጠፋል ብዬ ነው የጻፍኩት። መስጊዱ 6 በ6 ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሜትር። እኔ የላክሁት ንድፍ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው የአርማታ ጉልላት ነው፤ ግንበኛው ደግሞ «ሲሚንቶ ለመቆጠብ 1 ሜትር ይበቃል» ብሏል። ዝቅ ቢል ምን ይጎዳል ብለው ነበር። ይጎዳል፤ እንዴት እንደሚጎዳ ግን ለኮሚቴው ቢያሳዩት ይሻላል።

አንድ ብርቱካን ለሁለት ይክፈሉና ውስጡን አውጥተው ቅርፊቱን ጠረጴዛ ላይ ይድፉት። በመዳፍዎ ጫን ሲሉት አናቱ ምንም አይሆንም፤ የሚቀደደው ጠርዙ ነው፣ ከታች ወደ ላይ። ሁለተኛውን ግማሽ ደግሞ ጠርዙ ላይ ክር ሦስት ዙር ጠምጥመው ይጫኑት። ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ይችላል። ጉልላትም እንዲሁ ነው፦ አናቱ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ይቆማል፣ እግሩ ግን ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋል። ግማሽ ኳስ በሆነ ጉልላት ላይ ከአናቱ 52 ዲግሪ ያህል እስኪወርዱ ድረስ ሁሉም ነገር ግፊት ነው፤ ከዚያ በታች ዙሪያውን ውጥረት ይጀምራል። ድንጋይም ሲሚንቶም ግፊት ይወዳል፣ ውጥረት አይችልም። እንቁላልም ከውጭ ሲጫኑት አልሰበር እያለ ጫጩቷ ከውስጥ በምንቃሯ የምትሰብረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዶርዜ ቤት ያለ ብረት እንዴት ቆመ ይሉኝ ይሆናል። ቀርከሃው አግድም ዙሪያውን ስለተሸመነ እያንዳንዱ ዙር ክር ነው። ምስጥ እግሩን ሲበላው እንኳ ቤቱ ይቀንሳል እንጂ አይፈርስም፤ አንስተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ሰሜን ካሜሩን ያሉት ሙስጉሞች ደግሞ ሌላ መላ አላቸው፦ የጭቃ ቤታቸው ሾጠጥ ያለ ነው፣ በሁለት እጅ ይዘው ያንጠለጠሉትን ሰንሰለት ገልብጠው እንዳዩት ዓይነት። ያ ቅርጽ ውጥረቱን ያሳንሰዋል። ዝቅ ያለ ጉልላት የዚያ ተቃራኒ ነው።

ለሽማግሌዎቹ ምሳሌ ካስፈለገ ኢስታንቡል ያለችው አያ ሶፊያ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ537 ስታልቅ ጉልላቷ ዝርግ ብሎ ነበር፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ገፋው፣ የመሬት መንቀጥቀጥም ተጨመረበትና በ558 ወደቀ። እንደገና ሲሠራ 6 ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት፣ እስካሁንም ያለው ያ ቅርጽ ነው። ሮም ያለው ፓንቴዎን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጉልላት 43.3 ሜትር ስፋት ያለው፣ ፌሮ (የብረት ዘንግ) የሌለበት ኮንክሪት ነው፤ ግን ከታች 6.4 ሜትር ወፍሮ አናቱ ላይ 1.2 ሜትር ብቻ ይቀራል፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥርም ጠጠሩ እየቀለለ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ እግሩ ላይ ተሰንጥቋል። የቫቲካኑ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላትም ስለተሰነጠቀ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ የብረት ቀለበት ጨመሩለት። ከአናቱ የፈረሰ ግን ብዙ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ራሳችን። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 1.5 ሜትር ከፍታ ካልን ቅርፊቱ ወደ 9 ቶን ይመዝናል፣ እግሩን የሚወጥረው ኃይል 1 ቶን ገደማ ነው። ከፍታው 1 ሜትር ሲሆን ክብደቱ ወደ 8 ቶን ይወርዳል፣ ውጥረቱ ግን ወደ 1.7 ቶን ይወጣል። የሚተርፈው ሲሚንቶ ሦስት ከረጢት ነው።

ስለዚህ እንደ ብርቱካኑ ክር የጉልላቱን እግር ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት (ሪንግ ቢም የሚሉት) 25 በ30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ስታፋ ባለ 8 ሆኖ በየ20 ሳንቲ ሜትር። አንድ ባለ 12 ፌሮ ብቻውን ከዚያ በላይ ይሸከማል፣ ለምን አራት ይባላል ይሉ ይሆናል። ቀለበቱ ክብ፣ ክፍሉ አራት ማዕዘን ስለሆነ ቀለበቱ ጥግ ጥግ ላይ አየር ላይ ይቀራል፣ መታጠፍም አለበት። ለዚህ ነው አራቱ ጥግ ላይ ከጥጉ 1.76 ሜትር ርቆ ሰያፍ ቢም የሚገባው፤ ካሬው ስምንት ጎን ይሆናል፣ ቀለበቱም በስምንት ቦታ ይደገፋል። ችግር የሚመጣው ከፌሮው ብዛት ሳይሆን ከመደራረቢያው፣ ማለትም ሁለት ፌሮ ሲቀጠል ጎን ለጎን ከሚተኛው ርዝመት ነው፦ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ አራቱም አንድ ቦታ ላይ አይቀጠሉ። ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) ቁርጥራጭ ለመጨረስ ሲል 30 አድርጎ ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ማለት ክሩን በግማሽ መቁረጥ ነው።

ድምፁንም አስበውበታል? የጉልላት ውስጥ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ማዕከሉ (ጉልላቱ ሙሉ ኳስ ቢሆን መሃሉ የሚሆነው ነጥብ) ይመልሳል። ህንድ ቢጃፑር ያለው ጎል ጉምባዝ የተባለ የመቃብር ሕንፃ ጉልላት ውስጥ አንዱ ጎን የተንሾካሾኩት ተቃራኒው ጎን ይሰማል። የእኛ ባለ 1.5 ሜትሩ ማዕከል ከቀለበቱ 2.25 ሜትር ዝቅ ስለሚል ከወለሉ 1.75 ላይ ያርፋል፤ የቆመ ሰው ጆሮ ጋ። የግንበኛው ባለ 1 ሜትር ደግሞ ልክ ወለሉ ላይ፤ ሱጁድ የሚወረድበት ቦታ። ከጉልላቱ ሥር 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዙሪያ ግድግዳ ስምንት መስኮት ኖሮት ቢገባ የኛው ማዕከል 2.65 ላይ ይወጣል፣ ከሰው ራስ በላይ። ብርሃንም ያገኛሉ። እኔ ብሆን ከጨረቃው ቀለም በፊት ለዚህ ነው የማወጣው። ክብደት ስለሚጨምር ግን ኮለኑን (ምሰሶውን) እና መሠረቱን መሐንዲስ አይቶ ይፈርምበት።

ፎርሙን (ኮንክሪቱ የሚሞላበትን የእንጨት ቅርጽ) አናጢው በባሕር ዛፍና በጣውላ ሲያቆም ዘንግ ይጠቀም፦ 3.75 ሜትር፣ ጫፉ ከቀለበቱ 2.25 ዝቅ ብሎ መሃል ምሰሶ ላይ ተቸንክሮ የሚዞር። ብዙዎች ቀለበቱ ልክ ላይ ይቸነክሩታል፤ ያኔ ሌላ ቅርጽ ነው የሚወጣው። ፌሮዎቹ ወደ አናት ሲጠጉ ይጨናነቃሉ፣ ኮንክሪት አያሳልፉም፤ ስለዚህ አንድ ዘለው አንዱ ይቆረጥ፣ የመጨረሻው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ መረብ ይግባ።

ሲሞላ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፣ ውሃው ቆጠብ ተደርጎ፤ ለቅርፊቱ ብቻ 25 ከረጢት ገደማ ይይዛል። ከቀለበቱ ጀምሮ ዙሪያውን እኩል ይውጣ፣ አንድ ጎን ብቻ ከተጫነ ፎርሙ ያዘነብላል። የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ዳገቱ ስለሚበዛ ከላይም ጣውላ ካልተደረገበት ኮንክሪቱ ተንሸራቶ ቀለበቱ ጋ ይከማቻል፣ ከላይ ይሳሳል። ሙሌቱ በአንድ ቀን ይጠናቀቅ። ደግሞ በክረምት አይሁን፤ የጅማን ዝናብ እርስዎ ያውቁታል። የቡና ጆንያ አያጡምና አርጥበው ሰባት ቀን ያልብሱት። ፎርሙ ከ21 ቀን በኋላ ከአናቱ ጀምሮ ወደ ጠርዙ እየላላ ይውጣ፤ ከጠርዙ ከጀመሩ መሃሉ ላይ የቀረው ምሰሶ ከታች ይወጋዋል።

የጨረቃው ብረት መቆሚያ ከመሙላቱ በፊት ይቀበር። ኋላ ከበሱት ውሃ ያስገባል፤ ጎጆ ቤት አናቱ ላይ ገንቦ የሚደፉበት ለዚሁ አይደል?

ፌሮው ታስሮ ሲያልቅ፣ ከመሙላታቸው በፊት፣ መደራረቢያዎቹን ጎረቤት ያለው ልጅ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። እርስዎ መሰላል ላይ እንዳይወጡ።

ልጅዎ