ሰኔ 30 የሚሞተው የመንግሥት ዕዳ ብቻ ነው

ይድረስ ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፤

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጻፍሁም። ደብዳቤው ለማን እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም።

የ2018 በጀት ዓመት ረቂቅ አዋጅ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርቧል፤ 1.93 ትሪሊዮን ብር። የእርስዎም መሥሪያ ቤት ድርሻውን ይዞ ይወጣል፤ ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለመስተንግዶ፣ ለቢሮ ዕቃ። የቢሮ ዕቃ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እባክዎ ቆም ይበሉ። የሚፈርሙበት ጠረጴዛ በመዝገብ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዋጋው ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ኪስ እንደወጣ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ላይ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በግንቦት 2016 ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ተጠየቅሁ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቼ አሸነፍሁ፣ የግዥ ትእዛዝ ተጻፈልኝ። ከዚያ ወዲያ የነበረው ጥድፊያ ለጉድ ነው። የግዥ ሠራተኛዎ ጠዋት ማታ እየደወለ «በጀቱ ተመላሽ ሊሆን ነው፤ ከሰኔ 30 በፊት ንብረት ክፍል ካልገባ እንጠየቃለን» ይለኝ ነበር። የሥራ ቤቱን ልጆች ሌሊት አሠራሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ተከራየሁ። ጠረጴዛው፣ የፋይል መደርደሪያው፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ በቀኑ ገባ። ዕቃው ንብረት ክፍል መግባቱን የሚያረጋግጠው ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ እኔም ደረሰኜን ቆርጬ ሰጠሁ። ክፉ የሚባለው ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ ነው፤ ከመንግሥት ጋር ለሚነግድ ሰው ግን ሰኔ ብቻውን ይበቃል።

ሐምሌ ሲገባ «በችሮታ ጊዜው ይከፈልሃል» ተባልሁ። ያለፈው ዓመት ዕዳ የሚከፈልበት ወር መሆኑን ለእርስዎ አላስተምርም። ፈራሚው መስክ ወጥተዋል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፈራሚው ተዛውረዋል ሲባል ወሩ አለቀ። በነሐሴ የፋይናንስ ክፍሉ መልስ አጭር ነበር፦ «የአምና ዕዳ በዘንድሮ በጀት አይከፈልም።»

መደርደሪያው የአምና ነው ተብሎ ፋይል አልተከለከለም። ወንበሩም ባለጉዳይ መሸከሙን አላቋረጠም። ጊዜው ያለፈበት የእኔ ገንዘብ ብቻ ሆነ።

ለነገሩ ጊዜ በእኔ በኩልም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚገባው ኤምዲኤፍም (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቪሱም ቀለሙም ዋጋው አብሮ ወጣ። ገንዘቡ ዛሬ ቢከፈለኝ እንኳ ያንኑ ዕቃ መልሼ አልሠራበትም። ደረሰኝ የቆረጥሁበት በመሆኑ ያልተቀበልሁት ብር ገቢ ሆኖ ተቆጠረብኝ፤ ግብሩን ተበድሬ ከፈልሁ። እኔ ብዘገይ ወለድና ቅጣት ይጠብቀኛል። እርስዎ ሲዘገዩ የሚታሰበው ወለድ «ትንሽ ይታገሡን» ነው። ከነበሩኝ ሠራተኞች አንዱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ እጁ ለእንጨት የተፈጠረ ልጅ ነበር።

የበጀት እጥረት ነው እንዳይሉኝ። የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 በጀት መኖሩ ሳይረጋገጥ ግዴታ መግባትን እንደማይፈቅድ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ትእዛዙ ሲፈረም ገንዘቡ ከነበረ የት ገባ? ካልነበረስ በማን ፈቃድ ተፈረመ? መንግሥት በያዝነው የ2017 በጀት ዓመት ገንዘብ ሲያጥረው በ971 ቢሊዮን ብሩ በጀት ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ኅዳር ላይ ጸድቆለታል። ያን ጊዜም ዕዳዬ አንድ መስመር ታገኝ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። «እሱ ለትልልቅ ጉዳዮች ነው» ተባልሁ።

በሚያዝያ እርስዎን ላነጋግር መጥቼ ጸሐፊዎ «እዚያ አግዳሚው ላይ ይጠብቁ» አሉኝ። የጠቆሙኝ እኔው የሠራሁትን ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥሁበት፤ አይነቃነቅም፣ በዚህስ እኮራለሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት «መንግሥት ቢያንስ ለወገባችን አስቧል» አሉ። ምን እላቸዋለሁ? እርስዎ በሌላው በር ወጥተው ሄደዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚንከባለለውን ተከፋይ ሒሳብ፣ ማለትም ያልተከፈለ ዕዳ፣ ምክር ቤቱ ከዋና ኦዲተር ሪፖርት ሊሰማ ይችላል። የእኔው ግን በመዝገባችሁ ላይ ካልሰፈረ ኦዲተርም አያገኘውም፣ የሚቀጥለው በጀትም አያስታውሰውም። የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው፦ ዕዳዬ በመሥሪያ ቤትዎ ተከፋይ ሒሳብ ውስጥ ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም? ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ እፈልጋለሁ። በስልክ «እየታየ ነው» መባል በቅቶኛል።

የግዥ ክፍልዎ ሰሞኑን ሌላ ፕሮፎርማ ልኮልኛል፤ አሥር ጠረጴዛ፣ ከሰኔ 30 በፊት የሚገባ፣ «በአስቸኳይ»። ዋጋ ሳልሞላ መልሼዋለሁ።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለፌዴራል ዋና ኦዲተር