ተቆጣጣሪው ለማን ነው የሚሠራው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሊበርታሪያን፣ ማለትም የግለሰብ ነፃነት ይቅደም፣ የመንግሥት ሥልጣን ይገደብ ባይ ነኝ ስል ብዙ ሰው የትልልቅ ኩባንያዎች ጠበቃ አድርጎ ያየኛል። ስህተት ነው። ኩባንያ የሚያስፈራኝ መንግሥት ጉያ ውስጥ ሲገባ ነው። የአሜሪካን ነገር እንይ። የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ የተባለው መሥሪያ ቤት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር ይወስን ነበር፣ እስከ 1978 ድረስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ማለት ነው፣ ነባሮቹን በአገር አቀፍ መስመር የሚፎካከር አንድም አዲስ ትልቅ ድርጅት አላስገባም። ማን ተጠቀመ? ነባሮቹ! ሕጉ ሲላላ ውድድር መጣ፣ ዋጋም ወረደ፤ ቦርዱ ራሱ በ1985 ተዘጋ። የበረራ ደህንነት ቁጥጥሩ ግን አልቀረም፣ ይሄን ብዙዎች ይዘነጉታል። የባለአክሲዮን ተጠያቂነት ባዋጣው ገንዘብ ብቻ ይወሰን የሚለውም የመንግሥት ሕግ ነው፤ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ እኛ ሊበርታሪያኖችም እርስ በርስ አንስማማም። ድጎማና ከውድድር ከለላ ግን ለማንም ኩባንያ አይገባም ባይ ነኝ።

አንድ አንባቢያችሁ