የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ሁሉም ነገር በ0.75 አይባዛም

ዘንድሮ ክበባችሁ ምን ሠራ ለምትሉ፦ አንድ ጠረጴዛ። አዎ፣ አንድ። የተሰበሩ በርጩማዎች ጠግነናል፣ የላላ መደርደሪያ አጥብቀናል፣ ዓመቱን የበላው ግን ጠረጴዛው ነው። አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በትንንሾቹ ጥግ ቆሟል። ሄዳችሁ ነቅንቁት።

ነገሩ የተጀመረው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች በትልልቆቹ ጠረጴዛ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሲያነቡ ስላየን ነው። አንዷ አባላችን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ሚሽን የሚባለውን የአሜሪካኖች የቤት ዕቃ ስልት አገኘች። ቀጥ ያለ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሌለው፣ በጎንና በጎኑ ቋሚ ዘንጎች የተደረደሩበት፣ መገጣጠሚያውን ከመደበቅ ይልቅ አውጥቶ የሚያሳይ። ልጆቹ መልኩን ወደዱት። እኔ የወደድኩት ደግሞ ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ ክብ አድርጎ የሚቀርጸው ማሽን) ስለማይፈልግ ነው፤ ቶርኖ የለንም።

ስልቱ የገነነው በ1900ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው። ከስሙ ጋር አብሮ የሚነሳው ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሲራክዩስ ላይ ፋብሪካ የነበረው ጉስታቭ ስቲክሊ ነው። ሰውዬው ከ1901 እስከ 1916 መጽሔት ያሳትም ነበር፣ በዚያ ላይ ደግሞ አንባቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሠራቸው የዕቃ ንድፎች ያወጣ ነበር። የሚሸጠውን ዕቃ አሠራር ለደንበኛው የሚያስተምር ነጋዴ! በ1915 ከስሯል፤ ግን ንድፍ ስለሰጠ አይደለም፣ ማንሃተን ላይ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ይዞ ከአቅሙ በላይ ስለተለጠጠና ፋሽኑም ስላለፈ ነው። የእሱ ዕቃ የሚሠራው ከኦክ እንጨት ነበር፤ ኦክ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር የአሞኒያ ጋዝ ሲነካው ይጠቁራል፣ ያ ጥቁር ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከዚያ ነው። እኛ ኦክም የለንም፣ አሞኒያ ደግሞ ተማሪዎች ባሉበት አላስገባም። ትምህርት ቤቱ የጣለው የድሮ የዋንዛ ቁም ሳጥን ነበረ፣ እሱን ፈታነው። ዋንዛ በራሱ ቡናማ ነው፣ ለመላግም ይመቻል። ሚስማሩ ግን! መላጊያችን ስንቴ እንደተጎረደ ልጆቹን ጠይቁ።

ያገኘነው የሚሽን ጠረጴዛ ንድፍ የአዋቂ ነው። ርዝመቱ 48 ኢንች፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱም 30። በእኛ 122 በ76 በ76 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሁሉንም በ0.75 ስታባዙት 91 በ57 በ57 ይመጣል፣ ለትንንሾቹም ልክ ነው። ልጆቹ እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ መሰላቸው።

መጀመሪያ ኢንቹ አናደዳቸው። ሰባት ስምንተኛ ኢንች ሲባዛ ሦስት አራተኛ ሃያ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ነው፤ ሜትሯችን ላይ እንዲህ የሚል ጭረት የለም። መጀመሪያ ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሩ፣ ከዚያ አባዙ አልኳቸው፣ ተገላገሉ። ቀጥሎ የመጣው የእንጨቱ መጠን ነው። "በ0.75 ካነሰ የሚፈጀው እንጨትም 75 በመቶ ነው" አለ አንዱ በሙሉ ልብ። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ሦስቱም ከቀነሱ 0.75 ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ 0.42 ነው፣ ከግማሽ በታች። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ፈተና ላይ አይቼው አላውቅም። ቁም ሳጥኑ በቃን ማለት ነዋ።

ደስታውን ያቀዘቀዘው የጥገና ክፍላችን አናጺ ነው፣ ልጆቹ ጋሼ የሚሉት። ወረቀቱን አየና ከላዩ ጣውላ ሥር እግሮቹን የሚያያይዘው ማሰሪያ ላይ ጣቱን አሳረፈ። በንድፉ ውፍረቱ 22 ሚሊ ነው፣ ሲያንስ 16.5። ወንዴው (ሌላው እንጨት ውስጥ የሚገባው ጫፍ) የጣውላው ሲሶ ስለሚሆን ወደ 5 ሚሊ ተኩል ይወርዳል። "ስሙኝ ልጆች" አላቸው፣ "ጠረጴዛው አነሰ እንጂ የሚወጣበት ልጅ አላነሰም።" ልክ ነው። ልጅ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ይጎትተዋል፣ ይገፋዋል። ኮላ የሚይዘው ስፋት በ0.75 ንድፍ 56 በመቶ ብቻ ይቀራል፣ የሚመጣበት ጫና ግን ያው ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን 22 ሚሊ ላይ ተውነው፣ ወንዴው 8 ሚሊ ሆነ፤ ያለን ጠባቡ መሮም 8 ሚሊ ስለሆነ ሴቴው (ወንዴው የሚገባበት ቀዳዳ) በመሮው ልክ ተቦረቦረ። የላዩንም ጣውላ አላሳሳነውም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የካርቶኑን ቀን ነው። እንጨት ከመቁረጣችን በፊት ጠረጴዛውን በሙሉ ልኩ በካርቶን ሠራንና አንዲት የ1ኛ ክፍል ተማሪ ጠርተን አስቀመጥናት። ጉልበቷ ማሰሪያው ሥር ተቀረቀረ። በትልቁ ንድፍ ማሰሪያው ቁልቁል 15 ሴንቲ ነው፣ ሲያንስ 11 ከምናምን፤ ሥሩ የሚቀረው ክፍተት 43 ሴንቲ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ወንበሩ ራሱ 32 ነው። ልጅቷ ግን ትሁት ናት፣ "ይመቻል?" ስንላት "አዎ ቲቸር" ትላለች፣ እግሯን ወደ ጎን አጣምማ። የማሰሪያውን ወርድ ወደ 8 ሴንቲ ቀነስነው፣ ጉልበቷ ገባ። ታችኛውን መደርደሪያም ጨርሰን አወጣነው፣ ለእግር ቦታ የለውማ፤ በእሱ ፋንታ መሀል ላይ አንድ ረጅም ማገር አስገብተን ጫፎቹን በጎንና በጎን አሳልፈን በሽብልቅ ቆለፍናቸው። ሚሽን የሚያስመስለው ይኸው ነው።

የጎን ዘንጎቹም አከራክረውን ነበር። በንድፉ በያንዳንዱ ጎን አምስት ናቸው። በሁለቱ እግሮች መሀል ያለን 37 ሴንቲ ነው፤ አምስቱን በ4 ሴንቲ ስፋት ብንደረድር ክፍተቱ 3 ሴንቲ አይሞላም፣ የዶሮ ቆጥ ይመስላል። ዘንጎቹን እናቅጥናቸው ያሉ ነበሩ። ያሸነፉት አንዱን እንቀንስ ያሉት ናቸው፤ በአራት ዘንግ ክፍተቱ 4.2 ሴንቲ ሆነ፣ እንጨቱና ባዶው ተመጣጠኑ። ማሳነስ ማለት አንዳንዴ ቁጥር መቀነስ እንጂ ሁሉንም ማቅጠን አይደለም፣ እኔም ከእነዚህ ጋር ነበርኩ።

የላዩን ጣውላ በኮላ ከማሰሪያው ጋር አላጣበቅነውም። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ ያውም በወርዱ። ብሎኖቹ የገቡበትን ቀዳዳ ሞላላ አደረግነው፣ እንደፈለገ ይሂድ ይምጣ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቨርኒሽ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ቨርኒሽ። እዚህ ላይ የሚወራ ነገር የለም፣ እጅ ያማል፣ በቃ።

በሚቀጥለው ዓመት ለዚሁ ጠረጴዛ ወንበሮች እንሠራለን፤ የካርቶኑን ልጅ ለልኬት አስቀድመን ይዘናታል፣ እስከ መስከረም ካላደገችብን። ምዝገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ማንም መግባት ይችላል፣ መጋዝ ይዞ የማያውቅም ጭምር። ለወላጆችም አንድ ነገር ልለምን፦ ቤታችሁ የማትጠቀሙበት ሞርሳ ካለ ላኩልን። ያለችን አንዲት ናት፣ ኮላ እስኪደርቅ ሁላችንም እሷን ስንጠብቅ ነው የምንውለው።