ተከትሎ መግባት ማዳን አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሴፕቲክ ታንክ (የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ውስጥ ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ባልደረባው ተከትሎት ይገባል፤ ሁለተኛው ሬሳ የሚመጣው እንዲህ ነው። አይሸትም ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ከፍሳሹ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶ) አካባቢ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል። የአቧራ ማስክማ የጎደለ ኦክስጅን አይተካም።

የጋዝ መለኪያውን በገመድ አውርዶ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች መለካት ነው። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ የመተንፈሻ አየር ሲሊንደር ያላዘለ አይግባ። በማራገቢያ ንጹሕ አየር ይገፋ እንጂ ከሲሊንደር ኦክስጅን አይለቀቅ፤ እሳት ያባብሳል።

የሚሻለው ግን ሠራተኛው ከመጀመሪያው ሙሉ የሰውነት ቀበቶ ለብሶ፣ ገመዱ ከጀርባው በትከሻዎቹ መካከል ተያይዞ ሲገባ ነው። ያኔ ከላይ ባለ ሦስት እግር ማንሻና የእጅ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ መሣሪያ) ካለ ማንም ሳይገባ ይወጣል። ወገቡ ላይ ከታሰረ ግን ራሱን የሳተ ሰው ይታጠፍና ጠባቡ አፍ ላይ ይቀረቀራል።

የሥራ ላይ ደህንነት ባለሙያዎች