ድምፁ ልምምድ ላይ ነው የሚሠራው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ መልስ ሳያገኝ ብዙ ቆየ፤ ዝም ያልኩት ረስቼህ እንዳልሆነ ግን ታውቃለህ። ከተማሪዎችህ ጋር የቤትሆቨንን ሰባተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ጀምራችሁ፣ ሁሉም ኖታውን በትክክል እየተጫወተ ድምፁ ግን አንድ አልሆን ብሎሃል። የቤት ወሬውን ለሌላ ቀን ላቆየውና ስለዚሁ ልጻፍልህ።

ታላላቅ የኦርኬስትራ መሪዎችን የምናያቸው ኮንሰርት ላይ እጃቸውን ሲያነሱ ነው፤ ድምፁን የሚሠሩት ግን ልምምድ ላይ ነው። ሥራቸውም በአብዛኛው ደጋን ላይ፣ ማለትም የቫዮሊንና የመሰሎቹ አውታር በሚሳብበት ዘንግ ላይ ነው፦ ከእጀታው በኩል ይጀመር ወይስ ከጫፉ፣ ምን ያህሉ ይሳብ፣ ከድልድዩ፣ አውታሮቹን ደግፎ ከሚይዘው እንጨት፣ ምን ያህል ይራቅ። መሪውን ካርሎስ ክላይበርን ውሰድ። በ1970 ሽቱትጋርት ውስጥ ከሬዲዮ ኦርኬስትራው ጋር ሲለማመድ የተቀረጸ ፊልም አለ። ብዙ ሰው ከዚያ ፊልም የሚያስታውሰው በምሳሌና በሥዕላዊ አነጋገር ሲያስረዳ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ክላይበር የደጋኑ አቅጣጫ በሙሉ የተጻፈበት የራሱ የኖታ ስብስብ ነበረው። ምሳሌው የሚሠራው እጅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው።

አሁን ወደ ያንተ ሥራ እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ 2 ባሮች (የኖታው ትንንሽ ክፍሎች) የነፋስ መሣሪያዎች ኮርድ ብቻ ናቸው፣ ማለትም ላ፣ ዶና ሚ አብረው ሲሰሙ፤ ጎልቶ ይጀምርና እየከሰመ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስጀምር። መጀመሪያ ላ የያዙት ብቻቸውን ይንፉ፣ ቀጥሎ ሚ የያዙት ይግቡ፣ ሁለቱ ሲረጋጉ ዶ ይጨመር። ዶ ከፒያኖው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፣ ከግማሽ ድምፅ በመቶ 16 ያህል፤ ያኔ ኮርዱ መንቀጥቀጡን ያቆማል። ይህ ጠቆር ያለው ማይነር ኮርድ ነው፤ ደመቅ ባለው በሜጀር ኮርድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ መካከለኛው ድምፅ በመቶ 14 ያህል ዝቅ ይላል። እየከሰመ ሲሄድ ክላርኔቶቹን ልብ ብለህ ስማ፤ ክላርኔት በለሰለሰ ቁጥር ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል።

በ3ኛው ባር ከቫዮሊን ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው ባለ አውታሮች፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ይገባሉ። ቤትሆቨን የሰጠው ፍጥነት በደቂቃ 76 ምት ነው፤ የሐዘን ሰልፍ አታድርገው። ምቱ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረጅም ነው። ሁልጊዜ የሚበላሸው ሁለቱ አጭሮች ላይ ነው፦ ተጫዋቾቹ ይቸኩላሉ፣ ደጋኑንም ያስረዝሙታል። ደጋን በፈጠነ ቁጥር ድምፁ ስለሚጎላ ኖታው ላይ ያልተጻፈ የድምፅ መጉላት ይመጣል። ስለዚህ “አትቸኩሉ” ከማለት ይልቅ “ለአጭሩ የረጅሙን ደጋን ግማሽ ብቻ” በላቸው፤ ወዲያው ይስተካከላል።

ለስላሳው ድምፅም የራሱ ወጥመድ አለው። “ቀንሱ” ስትላቸው ክብደቱንም ፍጥነቱንም አብረው ይቀንሱና ድምፁ ይሞታል። ክብደቱ ይነሳ፣ ደጋኑ ከድልድዩ ትንሽ ይራቅ፣ እንቅስቃሴው ግን አይቁም።

27ኛው ባር ላይ ምቱን ሁለተኛ ቫዮሊኖች ይረከባሉ፤ ቪዮላና ቼሎ ደግሞ ያንን ረጅም ዜማ ይጀምራሉ። ሰነፍ መሪ ሁሉንም አንድ ላይ ያስጫውትና “ዜማው አልተሰማም” ይላል። አንተ ዜማውን ለብቻው አስጫውት፤ ምቱን የሚጫወቱት መሣሪያቸውን አስቀምጠው ያዳምጡ። ከሰሙት በኋላ ሳታዝዛቸው ራሳቸው ይለሰልሳሉ።

እዚህ ላይ መሪው ስቶኮቭስኪ ይጠቅምሃል። በ1912 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራን ከተረከበ በኋላ ቫዮሊኖቹ ሁሉ የደጋናቸውን አቅጣጫ በአንድ ቅጽበት እንዲመልሱ አላስገደደም፤ እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ይመልስ አለ። ሁሉም አብረው ሲመልሱ ዜማው ላይ ስንጥቅ ትሰማለህ፤ ሲበታተን ግን ስንጥቁ ይሸፈናል። የሚጫወቱበት የአካዳሚ ኦፍ ሙዚክ አዳራሽ ድምፅ የማያስተጋባ ደረቅ ቤት ስለነበር፣ ይህ የተያያዘ ድምፅ እጅግ ያስፈልጋቸው ነበር። ረጅሙን ዜማ እንዲህ አስጫውት፤ ምቱ ላይ ግን በፍጹም አትሞክረው፣ እዚያ ደጋኖች ሁሉ አብረው መሄድ አለባቸው።

ከ51ኛው ባር ድምፁ ቀስ በቀስ ያድጋልና 75ኛው ላይ በሙሉ ኃይል ይፈነዳል። 24 ባር ረጅም መንገድ ነው፤ ብዙ ኦርኬስትራ 60ኛው ባር ላይ አቅሙን ጨርሶ ይቀመጣል። እድገቱን በደጋን ርዝመት ለካው፦ እስከ 58 ሩብ ደጋን፣ እስከ 66 ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እየጨመሩ ይሂዱ። ይህንን ተማሪዎቹ በእርሳስ ኖታቸው ላይ ይጻፉት። 75 ላይ ምቱ ወደ ነፋስ መሣሪያዎች ይሄዳል፣ ዜማው ደግሞ ለመጀመሪያ ቫዮሊኖች ይሆናል፤ ጥሩምባና ቲምፓኒ (ትልልቆቹ ከበሮዎች) ኮርዱን ይሙሉት እንጂ ዜማውን አይሸፍኑት።

ቲምፓኒው ከኋላ 12 ሜትር ያህል ርቆ ከተቀመጠ ከፊት የሚመጣው ድምፅ እሱ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ 35 ሺህኛ ያህል ይፈጃል። በጆሮው ከጠበቀ ይዘገያል፤ የመጀመሪያውን ቫዮሊን ደጋን በዓይኑ ይከተል። ክላይበር ያደርገው የነበረውን የመጀመሪያና የሁለተኛ ቫዮሊኖች ፊት ለፊት አቀማመጥ ከመረጥህ ደግሞ፣ የሁለተኞቹ መሣሪያ ፊቱ ወደ መድረኩ ኋላ ስለሚዞር ከወትሮው ትንሽ ጎላ አድርገው መጫወት አለባቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ለቪዮላ፣ ለቼሎና ለደብል ቤዝ ብቻ ስጠው። ከዚያ በኋላ የሰማኸውን ጻፍልኝ፤ ከተቻለም በስልክ ቀድተህ ላክልኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ