ግልጽ ደብዳቤ፦ የሴቶች የእንቅስቃሴ ምክር እንደ ዕድሜያቸው ይለይ

ለሕዝብ ጤና መመሪያ አውጪው መሥሪያ ቤት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን የምንጽፈው ሴቶችን የምናሠለጥንና የምናክም ባለሙያዎች ነን። «በቀን 30 ደቂቃ በእግር ይራመዱ» የሚለው ምክር በራሱ ጥሩ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ፣ ለአራስና ላረጠች ሴት እኩል ሲሰጥ ግን ሁሉንም ያጎድላል።

ልጃገረዷ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል፤ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሩጫና ዝላይ ይግባበት፤ አጥንቷ የሚገነባው በዚህ ዕድሜ ነውና። ጠንክራ የምትሠለጥን ልጅ የወር አበባዋ 3 ወር ከቀረ «ስፖርቱ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ብዙ ጊዜ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት አንሷል ማለት ነው፤ የአጥንት መሰንጠቅም ሊከተል ይችላል።

ጤነኛ ነፍሰ ጡር በሳምንት 150 ደቂቃ ትንቀሳቀስ፤ እየሠራች ማውራት ከቻለች መጠኑ ልክ ነው። ደም ከፈሰሳት፣ ካዞራት፣ ደረቷን ካመማት ወይም ባቷ ካበጠ አቁማ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

መመሪያው ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ከወሊድ በኋላ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻ ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘው ነው። «የዳሌ ወለል ጡንቻሽን አጥብቂ» የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ ትንፋሿን ይዛ ወደ ታች ትገፋለች፣ ወይም ቂጥና ጭኗን ታጠብቃለች። ትክክለኛው ሽንትና ፈስ እንደሚያዝ ሁሉ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ ነው። እየተነፈሱ እስከ 10 ሰከንድ ይዞ፣ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ፣ 10 ጊዜ መድገም፤ ይህም በቀን 3 ጊዜ። 3 ሰከንድ ብቻ የቻለች ከዚያው ትጀምር። መልቀቁ እንደ መያዙ ያስፈልጋል፤ ሽንትን መሐል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ግን ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ሊያደርግ ይችላል። ለውጡ 3 ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ይህ ካልተነገራት በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች።

ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንቷ በፍጥነት ይሳሳል። መራመድ ለልብ ይጠቅማል፣ ዋናም እንዲሁ፤ አጥንትን ለማጠንከር ግን ክብደት ማንሳት ያስፈልጋል። በሳምንት 2 ቀን፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚከብዱበት ክብደት ይሁን። ሲቀልላት ይጨመር፤ ለዓመታት በአንድ ክብደት መቆየት ጥቅሙን ያስቀራል። ከ65 ዓመት በላይ በሳምንት 3 ቀን የሚዛን ልምምድ ይታከልበት፤ ወንበር አጠገብ በአንድ እግር መቆም ጥሩ መነሻ ነው።

ስለዚህ መመሪያው በየዕድሜው ተለይቶ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። በድኅረ ወሊድ ክትትልም ጤና ባለሙያው «ስትስቂ ወይም ስታስነጥሺ ሽንት ያመልጥሻል?» ብሎ እንዲጠይቅ ይታዘዝልን። ካልተጠየቁ ብዙዎቹ አይናገሩትም።